የጥቅጥቁ ዋርካ አለቃ

ተረት ተረት! እጅ ጽሑፌ ቢንጋደድ፣ ፊደልም ብስት ይቅር በሉኝ፤ ተረቱ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ወፎች ቅጠሉ ጥቅጥቅ ባለ ዋርካ ላይ ይኖሩ ነበር። የሚተዋወቁት በድምፅ ብቻ ነው። አለቃ የሚሆነውም ክረምቱን እዚያው የከረመ፣ ድምፁም ያልጠፋ ነው።

መስከረም ሲጠባ ቁራ ከች አለና፣ «ጭልፊት ሲመጣ እያፏጨሁ ያዳንኳችሁ እኔ ነኝ፤ ሹሙኝ!» አለ።

ዓይናፋሯ ድንቢጥ ሰምታ አንገቷን ደፋች።

«እሰይ አያ ቁራ! እስቲ አንዴ አፏጭልን» አለች እርግብ።

«ቃ!» አለ ቁራ። ዋርካው በሳቅ ተናወጠ።

በዚህ መሃል የጭልፊት ጥላ ብቅ አለ። ድንቢጥ አፏጨች፤ ሁሉም ተሸሸጉ።

ጥላው ሲያልፍ እርግብ፣ «ማነሽ አንቺ?» አለች።

ድንቢጥ ቅጠሉን ገልጣ ወጣች፤ ለማንም ነግራው የማታውቀውንም ተናገረች። «ክረምቱን ሁሉ ያፏጨሁት እኔ ነኝ። ሹሙኝ።»