የየቲም አውፍ

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነበር። በሚያዝያ ወር አስራ አንድ ቀን ሳያባራ ዘነበ። መሬቱ ውኃ ጠግቦ አልውጥም አለ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። በዚያ ቀን ልጄ ሸምሱ ሞተ።

ሸምሱ ስሙን ከማልጠራው አሮጌ ከተማ ጀርባ ባለው የድንጋይ ካባ ይሠራ ነበር። ካባ የሚቆረጠው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ አፈሩ ይነሣል፣ ከዚያ ድንጋዩ በደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ይህን ከእርሻ ሌላ የማላውቀው እኔም አውቃለሁ። የካባው ባለቤት ሐጂ ጦይብ ግን ድንጋዩ ቶሎ ይገኛል ብሎ ከሥር አስቦረቦረው። አፋፉ መሰንጠቁን ሠራተኞቹ ነግረውታል። «የፈራ ወደ እርሻው ይመለስ» አላቸው። አልተመለሱም፤ ገደሉ በልጄ ላይ ተናደ። ሐጂን አንተ እያልሁ መጻፌን የሚነቅፍ ካለ ይንቀፈኝ። አንቱታ ከብዕሬ አልወጣም አለ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሐጂ ጦይብ ትልልቅ ሰዎች አስከትሎ መጣ። አለቀሰ። «ዝናቡ ከአላህ፣ ሞቱም ከአላህ፤ ቀደር ነው። አውፍ በለኝ» አለኝ። በእኛ አገር በለቅሶ ላይ፣ በሰው ፊት፣ አውፍ በለኝ የተባለ ሰው እምቢ አይልም። እምቢ ያለ ልበ ድንጋይ ይባላል።

«አውፍ ብዬሃለሁ» አልሁ።

ወዲያው አብሮት የመጣው የካባው ሠራተኞች አለቃ፣ ካቦው፣ ወረቀት አወጣ። «ለከፈን ጨርቁ የሰጠንህን ገንዘብ መቀበልህን ነው» አለኝ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም። አላነበብሁም። ፈረምሁ።

ሸምሱ ሚስቱን ሉባባን ነፍሰ ጡር አድርጎ፣ ገና አፏን ያልፈታች ሴት ልጅም ትቶ ነው የሄደው። ወር ሳይሞላ ቤታቸው ጎደለ። ለእነርሱ ሐቅ የሚገባ እንደሆነ ልጠይቅ ካባው ድረስ ሄድሁ። ካቦው በር ላይ አቆመኝና ያንኑ ወረቀት ዘረጋልኝ። «ከእንግዲህ እኔም ሆንሁ የሟች ቤተሰብ ምንም አንጠይቅም» ይላል። ከሥሩ ስሜ አለ።

«ፊርማው ያንተ አይደለም እንዴ፣ አባቴ?» አለና ሳቀ።

ቤት ገብቼ ለሉባባ ነገርኋት። ባል የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበት ዒዳ ላይ ነበረች። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ፦

«አባዬ፣ ያን ቀን አውፍ ያልኸው ለራስህ ነው ወይስ ለእኔም? በሆዴ ያለውስ አውፍ ብሏል?»

በማግሥቱ ሸህ ኑርዬ ዘንድ ሄድሁ።

ሸህ ኑርዬ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ብዙ ዘመን ቃዲ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያን ጊዜ በአሮጌው መስጊድ ለደረሶች ኪታብ ያስቀሩ፣ ያስተምሩ ነበር። መስጊዱ ሚናራ አልነበረውም። አንድ እንዲቆምለት አርባ ዓመት ዱዓ ያደረጉ ሰው ናቸው። ስደርስ ግቢው ውስጥ ለሚናራው በተከመረ የተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁሉንም ነገርኋቸው። የካባውን ስም ስጠራ ከድንጋዩ ላይ ተነሡ። ከዚያ በኋላ አልተቀመጡበትም።

«በሬ ስትገዛ ምኑን ታያለህ?» አሉኝ።

«ጥርሱን፣ ሸኽዬ።»

«ለበሬ አፍ ከፍተህ ታያለህ፤ ለልጅህ ደም ወረቀት ገልጠህ አታይም?»

አንገቴን ደፋሁ። ድምፃቸውን አለዘቡና ነገሩን አስረዱኝ። አላህ በስህተት ለተገደለ ሰው እንኳ ለቤተሰቡ ሐቅ አድርጓል። የመንግሥት ሕግም በሥራ ላይ ለሞተ ሰው ለሚስቱና ለልጆቹ ካሳ ይላል። የጽሑፍ ውል የለውም ቢሉኝ አብረውት የሠሩት ይመሰክራሉ። ጥንቃቄ ጎድሎ ከሆነ ደግሞ ፖሊስ ይመረምራል፤ እሱ ከካሳው የተለየ መንገድ ነው። የሸምሱን ወራሾች የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያረጋግጣል። «ሉባባ ዒዳ ላይ ብትሆንም ለጉዳይዋ በቀን መውጣት ትችላለች» አሉኝ። «ብቻ አትዘግዩ። ክስም እንደ ዘር ጊዜ አለው።»

«ወረቀቱስ?»

«ዳኛ ይየው። ያታለለህ ሰው ሕግ አዋቂ አይሆንብህም።»

ከዙህር ሰላት በኋላ ሐጂ ጦይብን አስጠሩት። ሰጋጁ ገና አልተበተነም ነበር።

«ሐጂ፣ ዝናቡ ከማን ነው?» አሉት።

«ከአላህ ነዋ ሸኽዬ።»

«ከሥር ቦርቡሩ የሚለው ትእዛዝስ?»

«ቀደር ነው» አለ።

«ቀደርን ካቦ አድርገህ ቀጠርኸው? ስታተርፍ በላቤ ትላለህ፤ ሰው ሲሞትብህ በቀደር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ሐጂ ፊቱ ጠቆረ።

«አባትየው በሰው ፊት አውፍ ብሎኛል!»

«የራሱን ሐዘን አውፍ ብሏል። አባት የሞተበት የየቲም ሐቅ የእሱ አይደለም። ከሌላ ሰው ጎተራ ምን ሊሰፍርልህ ይችላል?»

ሐጂ ጦይብ በእጁ ወደ ድንጋዩ ክምር አመለከተ። «ሸኽዬ፣ ይህን ድንጋይ የሰጠሁበትን ሚናራ ያስቡ። ለዱንያ ጭቅጭቅ ብለው የአላህን ቤት ሥራ ያስቆማሉ?»

የዚያን ጊዜ የሽማግሌውን ዓይን አየሁ። ክምሩን ቁልቁል ከላይ እስከ ታች አዩት። አርባ ዓመት የለመኑት ነገር እግራቸው ሥር ነበር።

«ድንጋይህን ዛሬውኑ አንሣ» አሉት። «አዛን ከመሬትም ይሰማል።»

ሐጂ እየተቆጣ ወጣ። በማግሥቱ መኪና መጥቶ ድንጋዩን ጫነ። ዛሬም ያ መስጊድ ሚናራ የለውም። ሙአዚኑ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጣራል።

ስሰናበታቸው እጃቸውን ሳምሁ። «እኔስ አውፍ ብዬ ነበር፤ ቃሌን አጠፍሁ ይሆን?» አልኋቸው።

«ሐቁን ያላወቀ፣ አውፍ አላለም» አሉኝ።

ይህን ቃል እርሻዬ ላይ ሆኜ ብዙ አሰብሁበት። አውፍ ማለት ትልቅ ዒባዳ፣ አላህን የመገዛት ሥራ ነው። ትልቅ የሚሆነው ግን ሰው የሚተወውን ነገር በእጁ ይዞ ሲተወው ነው። ሐጂ ጦይብና መሰሎቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ የሚመጡት ሐቁ ከመታወቁ በፊት ነው፤ ሬሳው ሳይረሳ፣ ዓይን እንባ እንደያዘ። ዲናችንን መሸሸጊያ፣ ባህላችንን ማነቂያ ያደርጉታል። ደግነታችንን አውቀው ይዘርፉናል፤ እኛም አሚን እንላለን። የእኔ ጥፋት አሚን ማለቴ ነው። ወደ ፊት ሐቃቸው ታውቆ፣ ሉባባ በገዛ አፏ አውፍ ማለት ብትፈልግ፣ ያ የእርሷ ነው። የእኔ አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት ሉባባንና ልጅቱን ይዤ፣ ከሸምሱ ጋር ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች አስከትዬ ፍርድ ቤት ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ያለው ራፖር ጸሐፊ አቤቱታውን ጽፎ ብዕር ዘረጋልኝ።

«ቆይ» አልሁት።

ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ ሦስት ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት፤ ሉባባ ቆማ ሰማች። «ልክ ነው?» አልኋት። «ልክ ነው፣ አባዬ» አለች።

ብዕሩን ለእርሷ ሰጠኋት።