ጓሮ የታጠበ ሱሪ

አንድ ሰው ነበረ፤ ምርቃቱ የተወደደለት። ሠርግም ይሁን ዕርቅ፣ ጋሽ ንጋቱ ሳይመርቅ ሰፈሩ እህል አይቆርስም። በአንደበቱ ይኮራል፤ በሆዱ ደግሞ ይብስበታል።

ለፋሲካ ጎረቤቱ በሬ ጥሎ ሰፈሩ ቅርጫ ገባ። ጋሽ ንጋቱ አንጀት በቀደደበት ቢላ ትኩሱን ጉበት ቆርጦ ሊጎርስ ሲል፣ ሚስቱ ይርገዱ ቢላውን እንኳ እጠበው አለችው። የእሱ ሆድ ድንጋይ እንደሚፈጭ ነግሯት ጎረሰ። ወንዶቹም ሳቁባት።

ሳምንቱ ሳይሞላ ምን አየች? ዕድሜውን ሙሉ መሐረብ አጥቦ የማያውቅ ባሏ፣ ጓሮ ተደብቆ ሱሪውን ያጥባል። ውኃው ቀልቷል። ብትጠይቀው ብርድ ነው አላት። ዝም አለች። ለምን ዝም አለች? ለክብሩ ብላ። ክብር የሚሉት ነገር ስንቱን ቀበረ፣ ወገኖቼ!

ለዳግማይ ትንሣኤ እዚያው ጎረቤት ቤት ማዕድ ተከበበ። ጋሽ ንጋቱ ሊባርክ ዳቦውን ይዞ ተነሣ።

«ይህን በር…» አለ። «ይህን… ጫማ…»

ዓይኑ ቃሉን ጣሪያ ላይ ይፈልጋል።

«ጋሽ ንጋቱ ዛሬስ ሳይባርክ ቀምሶ መጥቷል» አለ አንዱ። ቤቱ በሳቅ አውካካ።

ይርገዱ ግን አልሳቀችም። ጠዋት ማንኪያ በእጁ ይዞ የማንኪያው ስም ሲጠፋበት አይታዋለች፤ መጠጥም በአፉ አልዞረም። ብትናገር ታዋርደዋለች፤ ዝም ብትል ታጣዋለች። ተነሣች።

«እሱ መጠጥ አልቀመሰም። ደም እያስቀመጠው ነው። መኪና ያለው ይነሣ።»

ይኼ ሁሉ ማዕድ ላይ! የተጠቀለለ ጉርሻ ወደ ሳህን ተመለሰ። ያ የቀለደው ሰውዬ ግን ቁልፉን አወጣ።

ሐኪሙ ነገራት፦ ባልታጠበው ቢላ ከጉበቱ ጋር የገባው ባክቴሪያ መርዙ ኩላሊቱን ጎድቶ አንጎሉ ድረስ ወጥቷል፤ ቢያድር ኖሮ አይነጋለትም ነበር። ጋሽ ንጋቱ ተረፈ። ያ አንደበት ግን እንደ ፈሰሰ ጥሬ አንድ በአንድ ተለቀመ።

በዓመቱ ቅርጫ ላይ ሁሉም ቆሞ ምርቃቱን ጠበቀ። እሱም ቢላውን አንሥቶ፣ «ቢላውን… እጠቡት» አለ።

«አሜን!» አሉ።

እናንተስ? ጓሮ ተደብቃችሁ የምታጥቡት ምንድን ነው? ከሆድ የጀመረው ራስ ላይ እስኪወጣ ነው የምትጠብቁት? የምትደብቁትን በሰው ፊት በስሙ የሚጠራባችሁ ቢነሣ አትቀየሙት፤ ምናልባት ከሁሉ የሚወዳችሁ እሱ ነው።

ሳቂዎችም እዚህ አላችሁ። የወንድማችሁ ቃል ሲወላገድ ከመሳቃችሁ በፊት ምን ነካህ በሉት። አይ፣ አንዴ አምልጦን ሳቅን ካላችሁ ደግሞ፣ እንደዚያ ሰውዬ ቁልፋችሁን አውጡ።