የነብር ገዳዩ ረሽ ስንት ያወጣል?

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ቦታ ስጡት። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። እንስሳት እንደ ሰው በሚያወሩበት፣ ዕቃም ሲከፋው አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን።

በዚያ ዘመን ቢረሳው የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ማንጠግቦሽ፣ ውሻው ደግሞ ጠብቀኝ ይባላሉ። ጠብቀኝ አርጅቷል፤ አንድ ጆሮው የለም፣ አንድ የኋላ እግሩንም ይጎትታል። ከቤቱ ግድግዳ ላይ ባለ ሁለት አፈሙዝ ረሽ ጠመንጃ ተሰቅሏል። ተራ ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ! ሰደፉ ላይ የብር ሰሌዳ ተለጥፎበት፣ «ነብሩን በጦር ገድሎ ከብቶቻችንን ላዳነው ለቢረሳው፣ ከሰፈሩ ሕዝብ የተሰጠ መታሰቢያ» የሚል ተቀርጾበታል። ከተሰጠው ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ቢረሳው ድግስ ሲኖር ከፊት ነው የሚቀመጠው። ሰው ሁሉ «ነብር ገዳዩ» ይለዋል፤ እሱም ራሱን እንዲሁ ማለት ለምዷል።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከሁለት በሬዎቹ አንዱ ሞተበት። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ዝናብ ሳይቀድመው ካላረሰ ዓመቱን ሙሉ ጦም ማደሩ ነው።

ማንጠግቦሽ «ምን ያስጨንቅሃል?» አለችው። «ጎረቤታችን ጌጡም ያለው አንድ በሬ ነው። ተቀናጁና ተራ በተራ እረሱ።»

«ማን? እኔ? ነብር ገዳዩ ቢረሳው ከጌጡ ጋር ልቀናጅ?» ብሎ ደረቱን ነፋ። «ረሹን ለውጬ በሬ አመጣለሁ።»

«ስምህን ልትሸጥ ነው?»

«ስሙማ እኔ ጋ ይቀራል። የምሸጠው ብረቱን ነው» አላት። ብልጠቱን እዩልኝ!

ታዲያ የዚያ አገር ገበያ አንድ ልማድ ነበረው። የመታሰቢያ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የዕቃውን ገድል ሦስት ጊዜ ፎክሮ ይናገራል፤ በዓይኑ ያየ እማኝም ያቆማል። ነብሩ በሞተበት ቀን ደግሞ ሜዳው ላይ ከቢረሳውና ከውሻው በቀር ማንም አልነበረም። ስለዚህ ቢረሳው ረሹን አነገተና «ጠብቀኝ፣ ና» አለ። ጠብቀኝም ጭራውን እየወዘወዘ፣ እያነከሰ ተከተለው።

መንገድ ላይ ረሹ ከትከሻው ላይ ተናገረ።

«ልትሸጠኝ ነው?»

«አዎ፣ ልሸጥህ ነው።»

«ታሪኬንስ ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ እንጂ!»

«የቱን?» አለ ረሹ።

ቢረሳው እርምጃውን አፈጠነ።

ገበያው ሲደርሱ ሦስቱ ገማቾች ከሾላው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እመት ጦጢት እንጨት ታውቃለች። አያ ጅቦ ብረት ያውቃል። አባ ኤሊ ደግሞ በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡ፣ ስም የሚመዝኑ ናቸው።

መጀመሪያ እመት ጦጢት ሰደፉን አገላበጠች፣ አሸተተች፣ በጥፍሯ ቧጠጠች። «እንጨቱ ደህና ነበር፤ ግን ከሥሩ ምስጥ ቀምሶታል። አንድ ፍየል» አለች።

ቀጥሎ አያ ጅቦ አፈሙዙን በጥርሱ ነከስ አደረገው። «አንደኛው አፈሙዝ ዝጓል። ለብረቱ ሌላ አንድ ፍየል፣ እሱም ከሳ ያለች» አለ። ሲናገር ግን ዓይኑን ከብር ሰሌዳው ላይ መንቀል አልቻለም። ለካ ገዢውም ራሱ ነው! ዋሻው በር ላይ ሰቅሎት ጅብ ፈሪ ነው የሚሉትን ሁሉ ዝም ሊያሰኝ ፈልጓል። ለዚሁ ብሎ አንድ የእርሻ በሬ፣ ምራቁን እየዋጠ፣ ሠላሳ ቀን ሙሉ ሳይበላው አስሮ አቆይቷል።

በመጨረሻ አባ ኤሊ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «እንጨቱና ብረቱ ሁለት ፍየል ነው። የቀረው ዋጋ ስሙ ነው። በል ፎክር፤ እንስማው» አሉ።

ቢረሳው ረሹን ወደ ላይ አነሳና፦

«ዘራፍ ያለው ቢረሳው፣
ነብሩን በጦር ያነሳው!»

አለ። ገበያው እልል አለ። ሁለተኛም ፎከረ፤ ሦስተኛም ፎከረ። በሦስተኛው ላይ ግን ዓይኑ ከጠብቀኝ ዓይን ጋር ተጋጨና ድምፁ ቀነስ አለ።

«እማኝህስ?» አሉ አባ ኤሊ።

ጠብቀኝ እየተጎተተ ሄዶ የእማኙ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ነብሩን ማን ገደለው?»

«ጌታዬ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

ጠብቀኝ ጌታውን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ሸሽቼ ነበር» አለ።

«ጆሮህን ምን ቆረጠው?»

«ስሸሽ የግራር እሾህ።»

«እግርህንስ?»

«ስሸሽ ገደል ገብቼ።»

ገበያው በሳቅ አውካካ። «ፈሪ! ጌታውን ጥሎ የሸሸ!» አሉ። አንዱ እበት አንስቶ ወረወረበት። ጠብቀኝ እበቱን ከፊቱ ላይ አላራገፈም።

ቢረሳው ግን አልሳቀም። እጁን ጨበጠው። መዳፉ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፤ የግራር እሾህ የወጋው ነው። ያን ቀን ነብሩን ሲያይ ጦሩን ጥሎ የሸሸው፣ ግራር ላይ የወጣው እሱ ነበራ! ታች ነብሩን አንቆ የያዘው ጠብቀኝ ነው። ጆሮው ሲበጠስ አለቀቀም፤ እግሩ ሲሰበር አለቀቀም። ቢረሳው ከዛፉ የወረደው ነብሩ ድምፁ ከጠፋ በኋላ ነው። ወርዶም የሞተውን በጦር ወጋ። ሕዝቡ ሲደርስ ያየው ጦሩን ነው፣ እሱም ዝም አለ። አሁን ውሻው የእሱን ሽሽት በራሱ ላይ ለጠፈለት።

አባ ኤሊ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በራሱ ላይ እንዲህ የመሰከረ ለሌላው አይዋሽም። ገድሉ እውነት ነው። ዋጋው አንድ የእርሻ በሬ ነው» ብለው ፈረዱ።

አያ ጅቦ ተንደርድሮ ረሹን ተቀበለ፣ የበሬውንም ገመድ ሰጠ። ረሹ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ «ታሪኬን ተናገርክ?» አለው።

«ተናገርኩ።»

«የቱን?»

ቢረሳው በሬውን ነድቶ ሄደ። ከኋላው ገበያተኛው «ፈሪ! ፈሪ!» እያለ ውሻውን ሸኘው። ጠብቀኝ ሁልጊዜ ከፊት ነበር የሚሄደው። ያን ቀን ግን ከበሬው ኋላ ሆነ።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ በሬው ውኃ ጠጣ። ጠብቀኝም ጠጣና «ጌታዬ፣ ጥሩ በሬ ነው። ትከሻው ሰፊ ነው» አለ፤ ጭራውንም ወዘወዘ።

ቢረሳው ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ለምን እንዲያ አልክ?» አለው።

«ዝናቡ ደርሷላ! በሬ ያስፈልግሃል። እኔ ስም ምን ያደርግልኛል?»

እፍረት ያን ቀን ቢረሳውን ከእግሩ እስከ ራሱ አለበሰው። እበቱ ውሻው ፊት ላይ ደርቆ ነበር። ውኃ በእፍኙ እየዘገነ አጠበለት። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያንን የተበጠሰ ጆሮ ዳብሶት አያውቅም። ከዚያ ተነሣና በሬውን ወደ ገበያው መለሰው።

«በሬህን ውሰድ፣ አያ ጅቦ» አለ። መዳፉን ዘርግቶ ለሁሉም አሳየ። «ግራር ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። የሸሸሁት እኔ ነኝ። ነብሩን የገደለው ይሄ ነው።»

ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ማንም አልሳቀም። እበቱን የወረወረው ሰውዬ እጁን ከኋላው ደበቀ። አባ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ቅርፊታቸው ሊመልሱ ሲሉ ቢረሳው «ታዲያ ረሹ አሁን ስንት ያወጣል?» አላቸው።

«እንጨቱና ብረቱ ሁለት ፍየል ነበር። ሐሰቱን ከሰሌዳው ለሚፍቀው ሠራተኛ አንዱ ፍየል ይቀነሳል» አሉ። «አንድ ፍየል።»

አያ ጅቦ በአንድ ፍየልም አልፈልገው አለ። ፈሪነትማ እሱም ቤት ሞልቷል።

ቢረሳው ረሹን ተሸክሞ፣ አዲስ በሬ ሳያገኝ፣ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። ቤቱም አልገባ፤ በቀጥታ ጌጡ በር ላይ ሄዶ ቆመ። ሰማዩ ጠቁሯል።

«ጌጡ፣ በሬዎቻችንን እንድናቀናጅ ልለምንህ መጣሁ።»

«ከነብር ገዳዩ ጋር?» አለ ጌጡ ፈገግ ብሎ።

«ነብር ገዳዩ ውሻዬ ነው።»

ጌጡ ፈገግታውን ተወ። «አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«የነብሩን ቆዳ የገፈፍኩት እኔ ነኝ እኮ። ጉሮሮው ላይ የጥርስ ቀዳዳ ነበር። በጦርህ ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ ደም አልነበረም።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ! ለምን አልተናገርክም?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅ ነዋ» አለና ቀንበሩን ሊያወጣ ገባ።

ቢረሳው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሬት ግን አልተከፈተችም። በማግስቱ ከጌጡ ጋር አረሷት፤ ጠብቀኝም ከበሬዎቹ ፊት ፊት ሄደ። ረሹ ዛሬም ከዚያው ግድግዳ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ታሪኬን ንገረው» ይለዋል። ቢረሳውም ፊቱ እየቀላ ይነግረዋል። «የቱን?» ተብሎ ግን ከዚያ ወዲህ አልተጠየቀም።

እኔ ተረቴን እዚሁ አወረድኩ፤ ለነገ የፈለገ ያንሣው። አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ፦ ያልሠራችሁት ሥራ ሲያስመሰግናችሁ፣ የሠራው ማን እንደሆነ ዞር ብላችሁ እዩ። አጠገባችሁ ቆሞ ጭራውን እየወዘወዘ ይሆናል።