ድልድይ የሆነችው ጀልባ

በአንዳሉስ ምድር፣ ከባሕር ብትርቅም መርከብ በወንዝ የሚገባባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ሮማውያን ያቆሟቸው ዓምዶችና ሙስሊሞች ያነጹት ታላቅ መስጂድ ነበሯት። የመስጂዱ ሚናራ ደረጃ አልነበረውም፤ በውስጡ ተዳፋት መንገድ ስለነበረው አዛን የሚያሰማው ሙአዚን በበቅሎ ይወጣበት ነበር ይባላል። የከተማዋ ሸክላ ሠሪዎች ግን የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ በሞላ ቁጥር ጁምዓ ያመልጣቸዋል፤ ሕመምተኛቸውም ሐኪም ሳያየው ይቀራል።

እነሱን በማሻገር የሚተዳደሩ ሸኽ ኸለፍ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከአንዲት ጀልባ በቀር ንብረት አልነበራቸውም።

አንድ ቀን የከተማዋ ገዥ፣ ጀልባዎችን ጎን ለጎን በሰንሰለት አስሮ ድልድይ እንዲሠራ ሙፈሪጅ የተባለ መሐንዲስ ከሩቅ አገር አስመጣ። መሐንዲሱ ውሃውን ጠዋት ለካና ሰንሰለቱን ወጥሮ ሊያስር ወሰነ። በዚያች ከተማ ግን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ወንዙን ወደ ኋላ ገፍቶ ከፍ ያደርገዋል። ያኔ የተወጠረ ሰንሰለት እንደሚበጠስ ቀዛፊ ሁሉ ያውቃል፤ አንዱም ትንፍሽ አላለም። ሰው ማሻገር እንጀራቸው ነዋ! እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛም ብንሆን "ማን ጠየቀኝ?" ብለን እንቀመጥ ነበር።

የሸኽ ኸለፍ የሙያ ጓደኛ ያዕላ፣ "ሸኽ፣ ዝም ይበሉ። ድልድዩ ሲበጠስ ሰዉ ወደ እኛ ይመለሳል" አላቸው።

"ሲበጠስ በላዩ ላይ ያለው ሰውስ?" አሉት።



ሸኹ ዙህር ሰግደው ወደ መሐንዲሱ ሄዱ። "ልጄ፣ ሰንሰለቱን አላላው። ወንዛችን ይነሳል፤ ቆይተህ እየው" አሉት።

ሙፈሪጅ እስከ ዐስር ሰላት ቆየ። ውሃው ሲነሳ አይቶ ደነገጠ። "ባይነግሩኝ ስንት ነፍስ በአንገቴ ይሆን ነበር! ግን እርስዎስ በምን ሊኖሩ ነው?"

"ሪዝቅ ከአላህ ነው። ጀልባ ሞልቶልሃል?"

"አንድ ይጎድለኛል።"

"የኔን ለአላህ ብዬ ለሕዝብ ሰጥቻታለሁ፤ ወቅፍ ናት፤ እሰራት።"

ሰንሰለቱ ላልቶ ታሰረ፤ ድልድዩም በጁምዓ ቀን ተከፈተ። ሸክላ ሠሪዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሽማግሌዎቻቸውን ደግፈው ወደ መስጂዱ ጎረፉ። ያዕላ እያለቀሰ፣ "ሸኽ፣ ባዶ እጅዎን ቀሩ" አላቸው።

ሸኹ በጀልባቸው ላይ የሚያልፈውን ሰው እያዩ ፈገግ አሉ። "እስከ ዛሬ የማሻግረው ነቅቼ ሳለሁ ብቻ ነበር፤ ከእንግዲህ ተኝቼም አሻግራለሁ" አሉ።

ወገኖቼ፣ ሶደቀቱል ጃሪያ ማለት ይኸው ነው። ባለቤቱ ቀብር ገብቶም ምንዳው አይቋረጥም። እኛም በየሙያችን እንጀራችንን ይነካብናል ብለን የደበቅነው እውቀት አለን። እንናገረው። ሪዝቃችንን ማንም አይወስድብንም፤ ምንዳችንን ግን ዝምታችን ይወስድብናል።