በሩን ዝጋው

ምስጋና ለዓለማቱ ጌታ ይሁንና፣ ሸማኔዎች በበዙባት አንዲት ጥንታዊት ከተማ ሸህ ጡሃ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ከሚያስተምሯቸው ደረሶች ሁሉ ፈጣኑ ሙነወር ነበር። ኪታቡን ጨርሶ፣ እንዲያስተምር የሚፈቅድለትን ኢጃዛ የሚቀበልበት ቀን ደረሰ። አባቱ ሐጂ ሰዒድ በሬ አሳርደው ዘመድ አዝማድ ጠሩ። ደረሶቹ የሚበሉትን የመድረሳውን እህል ከራሳቸው የሚሰፍሩትም እሳቸው ነበሩ።

ሸሁ ግን እንግዳው ሳይሰማ አባትና ልጁን ለብቻቸው ወደሚቀመጡባት ኸልዋቸው አስገቡ።

"አባ ኑርዬ መስጊድ ከቀሩ ሳምንታቸው። ምን ሆኑ?"

ሙነወር አቀረቀረ። አባ ኑርዬ ሽማግሌ ሸማኔ ናቸው። የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሐን ሲቀሩ ቃሉን መሳሳታቸውን ሰምቶ፣ ሶላቱ እንዳበቃ በሰጋጁ ጀመዓ ፊት፣ "አባ፣ በዚህ አቀራርዎ ስልሳ ዓመት የሰገዱት ምን ሊሆን ነው?" ብሏቸው ነበር። ጎረምሶቹ ሳቁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ፤ አልተመለሱም።

"ያረምኳቸው እኮ እውነቴን ነው፣ ሸሃችን።"

"እውነትህን ነው። ኪታቡን ጨርሰሃል፤ አደቡ ይቀርሃል። እሳቸው ሲመለሱ ኢጃዛህን እፈርማለሁ።"

የሐጂ ሰዒድ ፊት ጠቆረ። "እንግዲያው የመድረሳውን እህል ሌላ ሰው ይስፈር!"

"ሪዝቁም ሲሳዩም የአላህ ነው" አሉ ሸሁ። ወጥተውም ለእንግዶቹ፣ "ፊርማውን ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ ቅሬታችሁን በኔ ያዙት" ብለው ዱዓ አደረጉ። እህሉም ቆመና ደረሶቹ ሁለት ወር ንፍሮ በሉ።

ሙነወር መጀመሪያ ኪታቡን ይዞ አባ ኑርዬ ዘንድ ሄደ። የጀመዓ ሶላትን ምንዳ ከነማስረጃው ዘረዘረላቸው። "አላህ እውቀትህን ይጨምርልህ" ብለው ሽመናቸውን ቀጠሉ። ሌላ ጊዜ ባዶ እጁን ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ላግዝ ብሎም ድሩን በጣጠሰው። ያኔውኑ ደንበኛ ገባ።

"ማነው ሸማዬን እንዲህ ያበላሸው?"

"በኔ እጅ ያለ ሥራ ነው፤ እኔ አቃናዋለሁ" አሉ አባ ኑርዬ።

ደንበኛው ሲወጣ ሙነወር እያለቀሰ እግራቸው ላይ ወደቀ። "አፉ በሉኝ፣ አባ። እኔ ለእርስዎ እንዲህ አልሆንኩም።"

"አፉ ብያለሁ፣ ልጄ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እስቲ ያቺን ፋቲሐ አስቀራኝ። በሩን ግን ዝጋው።"

በጁምዓው ሁለቱ አብረው መስጊድ መጡ። ሸህ ጡሃ ሳይጠየቁ ብዕራቸውን አንስተው ፈረሙ። እንዲህም አሉ፦ "ስህተትን ማንም ያያል። ዓሊም ስህተቱን አርሞ ሰውየውን የሚያተርፍ ነው።"

እኛ ዛሬ ለወጣቶቻችን የተግባቦት ሥልጠና እያልን አዳራሽ እንከራያለን። አልጠላሁም፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። በሸህ ጡሃ ግን እቀናለሁ፤ ለአንድ ልጅ አደብ ሲሉ የመድረሳቸውን ጎተራ ባዶ አስቀርተዋል። እኛ ልጆቻችን ከቁርኣኑ ስንት ጁዝ በቃላቸው እንደሐፈዙ እንቆጥራለን እንጂ፣ በምላሳቸው ከመስጊድ ያስቀሩት ሰው እንዳለ አንጠይቅም። እኔ ራሴ በጎረምሳነቴ በሰው ፊት ያረምኳቸው ሁለት አዛውንቶች ነበሩ። አንዱን ፈልጌ አፉ አስብያለሁ። ሌላኛው ቤት ስደርስ ልጆቻቸው ቀብራቸውን አሳዩኝ።