ከማስተዋል ጎን ያለው ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ዘመን፣ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ማስተዋል የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ልባቸው ድንገት ቆሞ ሲሞቱ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ወይዘሮ እታፈራሁ ልብስ እየሰፉ እሷንና ታላቅ ወንድሟን ናሁሰናይን አሳደጉ። ከሰፈራቸው በላይ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ይመላለሱ ስለነበር ማስተዋል በልጅነቷ በድምፃቸው ብቻ ትለያቸው ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላት የበረራ ትምህርት ቤቱን ፈተና አልፋ ገባች። ጎረቤቱ ሁሉ «የእታፈራሁ ልጅ ልትበር ነው!» እያለ ደስ አለው።

ትምህርቱን በጀመረች በሰባተኛው ወር ልቧ ያስቸግራት ጀመር። ምንም ሳትሠራ ድንገት ይሮጥባትና ጥቂት ቆይቶ ይተዋታል። አንድ እሑድ ከወንድሟ ጋር ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ ጨለመባት። ናሁሰናይ ባይደግፋት ኖሮ ቁልቁል ትወድቅ ነበር።

ገና ትንፋሿ ሳይመለስ «ለማንም እንዳትናገር» አለችው። «ብትናገር የአባታችን አጥንት ይውጋህ!» ብላም አስማለችው።

ረቡዕ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልትበር ቀጠሮ ነበራት። ናሁሰናይ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ሐኪም ሄደና ያየውን ሁሉ ተናገረ። ማስተዋል በዚያው ቀን ከበረራ ታገደች።

«ሸጥከኝ» አለችው።

«ጥይኝ» አላት። «ብቻ ኑሪልኝ።»

ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችውም። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ «ደህና ዋይ» ማለቱን አልተወም።

ከብዙ ወራት በኋላ ተራዋ ደርሶ ሆስፒታል ስትመረመር ሐኪሟ እንዲህ አሏት፦ «ልብሽ ውስጥ አብሮሽ የተወለደ አንድ ትርፍ መስመር አለ። ምቱን የሚያዛባው እሱ ነው። ክኒን እየወሰድሽ በሰላም መኖር ትችያለሽ፤ አብራሪ መሆን ግን አይፈቀድልሽም። አለዚያ በጭንሽ የደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተን መስመሩን እናቃጥለዋለን። ብዙዎች ድነውበታል። ያልቀናቸውም፣ ጥቂት ቢሆኑም፣ አሉ።»

ማስተዋል ወደ ቤት ተመልሳ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «እማዬ፣ አንቺ ካልመረቅሽኝ ሽቦውን ለማስገባት አልገባም» አለች።

ዘመድ ሁሉ «ክኒኗን ትዋጥ! ባልሽን የበላው ልብ አይበቃሽም?» እያለ እታፈራሁን መከረ። እሳቸው ሦስት ቀን ሙሉ የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ክሩ ማለቁን እንኳ ሳያውቁ ይሰፉ ነበር። በአራተኛው ቀን ልጃቸውን እጇን ይዘው ሆስፒታል ወሰዷትና በሩ ላይ ሲደርሱ ግንባሯን ሳሟት።

«አባትሽ ሳልሰናበተው ሄደብኝ። አንቺን ግን መርቄ እልክሻለሁ። ግቢ፣ የእኔ ልጅ። በሰላም ያውጣሽ።»

እስክትወጣም ወንበር ቢሰጣቸው እንቢ ብለው አራት ሰዓት ቆሙ።

ማስተዋል ዳነች። ሐኪሟም ሲያሰናብቷት «ይህ ነገር ብቻሽን ሰማይ ላይ ሳለሽ ቢመጣ ኖሮ ዛሬ አንነጋገርም ነበር» አሏት። በማግስቱ ጠዋት ናሁሰናይ እንደ ልማዱ «ደህና ዋይ» ሲል፣ ከስምንት ወር በኋላ «ደህና ዋል፣ ወንድሜ» ብላ መለሰችለት። እሱም በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው ወደ ቤቷ የሚመጡ አንድ ሰው ነበሩ፤ መምህሯ ካፒቴን ጉርሜሳ። ድሮ አብራሪ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ከበረራ ወርደው ክፍል ውስጥ ማስተማር ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

«ካፒቴን፣ ከእንግዲህ ይህ ምን ያደርግልኛል?» ብትላቸው፣ «የታመመው ልብሽ ነው፤ ጭንቅላትሽን ማን ሥራ ፍታ አለው?» ይሏት ነበር።

ከሕክምናው በኋላ ዓመት ሙሉ ተደጋግማ ተመርምራ «መብረር ትችላለች» የሚል ወረቀት አገኘች። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ግን ሊመልሳት ፈራ። ካፒቴን ጉርሜሳ ከስብሰባው መካከል ተነሡ።

«ወረቀቷ ንጹሕ ነው። እሷን በር ከዘጋችሁባት እኔም በዚያው በር እወጣለሁ» አሉ።

ኮሚቴው ሲከራከር ውሎ መለሳት። ማስተዋልም ተምራ ተመረቀች።

ትምህርት ቤቱ አንድ ልማድ አለው፤ ተመራቂ በምርቃቱ ቀን የሚወደውን አንድ ሰው ከጎኑ አስቀምጦ በአውሮፕላን ከተማዋን ይዞራል። አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፤ ወንበሯም ሁለት ብቻ ነው።

ሦስቱም ወደ አውሮፕላን ሜዳው መጡ። ናሁሰናይ እጁን ኪሱ ከትቶ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ያን መሐላ ካፈረሰ ወዲህ ምንም ነገር ጠይቋት አያውቅም። እታፈራሁ መሰላል እንኳ መውጣት የሚፈሩ ሴት ናቸው፤ «ካልሽኝ ግን እወጣለሁ» አሏት በጆሮዋ። ካፒቴኑ በእጃቸው የአውሮፕላኗን ክንፍ ይዳስሱ ነበር።

«ማን ነው የሚሳፈረው?» ሲል የሜዳው ሠራተኛ ተጣራ። ማስተዋል በሩን ከፍታ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። ወንድሟ መሐላውን ባያፈርስ በሕይወት ባልኖረች። እናቷ ፍርሃታቸውን ውጠው ባይመርቋት ከሕመሟ ባልዳነች። መምህሯ እንጀራቸውን ባያስይዙላት ወደ ሰማይ ባልተመለሰች። ከማስተዋል ጎን ያለው ያ አንድ ወንበር የሚገባው ለማን ነው?