የአቶ መኩሪያው ስም የት ገባ?

የአጭር ልብ ወለድ መጽሔት ለማውጣት የተነሳች፣ ምላሷ የሰላ አንዲት ሴት ነበረች። የሚረዳት ድርጅት ስላልነበረ የማተሚያውን ገንዘብ ከሕዝብ ለማሰባሰብ አዳራሽ ለምና ሰው ጠራች። ሻይ ሻጯም ሊስትሮውም የአቅማቸውን ጣል ሲያደርጉ፣ የከተማው ባለሀብት አቶ መኩሪያው ማይክራፎኑን ተቀበሉ።

«የዓመቱን ወጪ በሙሉ እኔ እችላለሁ!»

አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። እሳቸውም ጎንበስ ቀና እያሉ እጅ ነሱ።

ከዚያ ወዲያ ቢሯቸው ብትሄድ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ብትደውል «መንገድ ላይ ናቸው» ሆነ መልሱ። እሷም ሲመራት ጊዜ መጽሔቱን በእነ ሻይ ሻጯ መዋጮ፣ በሳሳ ወረቀት አሳተመችው።

በምረቃው ቀን አቶ መኩሪያው ከፊት ወንበር ተሰይመው የምስጋናውን ገጽ ገለጡ። የሊስትሮው ስም አለ፤ የእሳቸው የለም። ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሱ።

«የኔ ስም የታለ? ቃል ስገባ ይህ ሁሉ ሕዝብ ሰምቷል! አሁኑኑ እዚሁ ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቂኝ!»

ሴትዮዋ በአክብሮት ጎንበስ አለች።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን እንዴት እንረሳለን? ገጹን ተሳስተው ነው። ቀጣዩን ይግለጡት።»

ፈገግ ብለው ገለጡ። የመጀመሪያው ታሪክ የእሳቸው ንግግር ነበር፤ ከሥሩ «ደራሲ፦ አቶ መኩሪያው» ይላል።

«አንድ ቃል አልጨመርንበትም» አለች። «ያን ቀን እንደነገሩን ያለ፣ ሰው ቆሞ ያጨበጨበለት ልብ ወለድ ከማንም አልደረሰን። ከለጋሾቹ ጋር ብናስገባዎት ድርሰትዎን መካድ ይሆንብን ነበር።»